ኮንስታብሉ ፖሊስ አይደለም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

ስለ ስኮትላንድ ንጉሣዊ ቤት ባለማዕርጎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበነዋል። ጉዳዩ ከጎንደር የራቀ ቢመስልም፣ ከፋሲል ግቢ ቅጥር ጥግ ተቀምጦ የማዕርግ ስም ሲዛነፍ ዝም ማለት ይከብዳል። በጽሑፉ ውስጥ «የስኮትላንድ ከፍተኛ የፖሊስ አዛዥ»፣ «ዋና አስተናጋጅ»፣ «የሆሊሩድ ቤተ መንግሥት ዘበኛ» የሚሉ ስሞች አሉ። ሦስቱም ተሳስተዋል። ከሁሉ የባሰው ግን ከፎቶግራፉ ሥር የሰፈረው «ንጉሥ ቻርልስ የሃሚልተኑን መስፍን ዘውድ ተሸካሚ አድርገው ሾሙ» የሚለው ነው። ንጉሡ አልሾሟቸውም። መስፍኑ ዘውዱን የያዙት አባቶቻቸው ይይዙት ስለነበር ነው። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ብናስረዳ ሌሎቹም ስሕተቶች አብረው ይቃናሉ ብለን እናምናለን። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

ሹመት ምን እንደሆነ ለጎንደር ሰው አይነገርም። ብላቴን ጌታው፣ ሊጋባው፣ ባልደራሱ፣ በጅሮንዱ ንጉሡ ሲወድ ይሾማሉ፣ ሲቆጣ ይሻራሉ። የአባት ሹመት ለልጅ ቢደርስ እንኳ ንጉሡ ስለፈቀደ እንጂ ልጅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ርስት ግን ሌላ ነው። ከአቅኚው አባት እየተቆጠረ በወንድም በሴትም ሐረግ ይወርዳል፤ ባለርስቱ ከሹመቱ ቢነሣ ርስቱ አብሮ አይነሣም። የስኮትላንዶቹ ማዕርጎች ወደዚህኛው ያደላሉ። ይህን የምንለው ለማመሳሰል ስለሚመቸን አይደለም። ስኮትላንድና እንግሊዝ በ1707 ሲዋሐዱ፣ የውላቸው 20ኛ አንቀጽ በዘር የተያዙ ማዕርጎችና የዳኝነት ሥልጣኖች «እንደ ንብረት መብት» ለባለቤቶቻቸው ተጠብቀው እንዲቆዩ ደንግጓል። ንብረት ነው ያለው። ንብረት ደግሞ ይወረሳል፣ ይሸጣል፣ በፍርድ ቤት ይካሰሱበታል፤ በእነዚህ ማዕርጎች ላይም ሦስቱም ደርሷል።

(በእኛም አገር ከልማዱ የወጣ አለ። ዋግ ሹም ስሙ «ሹም» ቢልም ማዕርጉ ከዛጉዌ ነገሥታት ዘር የሚወርድ ነበር። ስም ብቻ እያየን ብንተረጉም እሱንም በሳትነው ነበር።)

ከኮንስታብሉ እንጀምር። ቃሉ ዛሬ በእንግሊዝኛ ተራ ፖሊስን ስለሚያመለክት ጸሐፊው መሳታቸው አያስገርምም። ከላቲን ሲመጣ ግን ትርጉሙ «የፈረስ ጋጣ አለቃ» ነበር። እንግዲህ አማርኛው ከደጃችን ነው፤ ባልደራስ። በፋሲል ግቢ 900 ሜትር ገደማ ቅጥር ላይ ካሉት 12 በሮች አንዱ ባልደራስ በር ይባላል። በስኮትላንድ የፈረሱ አለቃ ቀስ በቀስ የንጉሡ አካል ጠባቂና የጦር ሹም ሆነ። ንጉሥ ሮበርት ብሩስ በ1314 ማዕርጉን ለሰር ጊልበርት ሄይ በዘር ሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ የኤሮል ኧርሎች (ኧርል ከመስፍን በታች ያለ የመኳንንት ማዕርግ ነው) በሆኑት በሄይ ቤተሰብ እጅ ነው። የንጉሡ አካል ካለበት በአራት ማይል፣ ማለትም በ6 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ዙሪያ ውስጥ የተነሣን ጠብና የፈሰሰን ደም የሚዳኘው ኮንስታብሉ ነበር። ፓርላማ ሲቀመጥም ከአዳራሹ ውጭ ያለውን ጥበቃ እሱ ይይዛል። የውስጡ ጥበቃ የማሪሻል ነበር። ማሪሻልም በጥንተ ቃሉ «የፈረስ አገልጋይ» ነው፤ ሁለት የፈረስ ሰዎች አንዱ ከደጅ አንዱ ከውስጥ ቆሙ ማለት ነው። የማሪሻልነቱ ባለቤት የኪት ቤተሰብ ከዙፋን የወረደውን የስቱዋርት ነገሥታት ዘር ለመመለስ በ1715 ከተነሣው ዐመፅ ጋር ስለቆመ ማዕርጉ ተወረሰበት፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እንግዲህ ርስቱ ፈጽሞ አይነቀልም ማለታችን አይደለም። የሚነቀለው ግን በክህደት ተከሶ በሕግ ነው፤ በንጉሥ ቁጣ ብቻ አይነቀልም።

በሴት ሐረግ መውረዱን ለማየት ከጎረቤታችን ከኬንያ የተሻለ ምሳሌ የለም። 22ኛው የኤሮል ኧርል ጆስሊን ሄይ በጥር 1941 ከናይሮቢ አጠገብ ተገድሎ ተገኘ። ወንድ ልጅ አልነበረውም። የኤሮል ኧርልነትና ኮንስታብልነት ለሴት ልጁ ለዳያና ሄይ ሄደ፤ እሷም በ1978 እስክትሞት ያዘችው። ያው ሟች የኪልማርኖክ ባሮን የሚል ሌላ ማዕርግም ነበረው፤ ያ ግን በወንድ ብቻ የሚወርድ ስለነበር ወደ ወንድሙ ተሻገረ። አንድ ሰው ሞቶ ሁለቱ ማዕርጎቹ ሁለት መንገድ ያዙ። ስለዚህ «ማዕርጉ ለበኩር ወንድ ልጅ ይተላለፋል» ብሎ በደፈናው መጻፍ አይቻልም፤ እያንዳንዱ ማዕርግ የተሰጠበት ሰነድ ምን እንደሚል መታየት አለበት።

«ዋና አስተናጋጅ» የተባለው ደግሞ ታላቁ ስቲዋርድ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ዛሬ በአውሮፕላን ውስጥ ምግብ ለሚያቀርበውም ስለሚያገለግል ነው እዚህ ላይ የተንሸራተተው። የስኮትላንዱ ስቲዋርድ የንጉሡን ቤት ሀብትና ወጪ በሙሉ የሚያስተዳድር ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ቀዳማዊ ዴቪድ ዘመን ዋልተር ፊትዝ አላን ያዘው፤ ከእሱ በኋላ በዘር ወረደ። ዘሮቹ የማዕርጉን ስም የቤተሰብ ስም አደረጉት፤ በ1371 ከእነሱ አንዱ ሮበርት ዳግማዊ ተብሎ ነገሠ። የስቱዋርት ሥርወ መንግሥት የሚባለው ይኸው ነው። የቤት አዛዡ ዘር ራሱ ባለቤቱ ሲሆን ማዕርጉ ከዘውዱ ጋር ተቀላቀለ፤ በ1469 በወጣ ሕግም ከሮዝሲ መስፍንነት ጋር ለአልጋ ወራሹ ተመደበ። ዛሬ የስኮትላንድ ታላቁ ስቲዋርድ ልዑል ዊሊያም ናቸው። አንባቢ «ልዑል ዊሊያም ዋና አስተናጋጅ ናቸው» የሚል ሲያነብ ምን እንደሚያስብ ገምቱት። እኛ «ታላቁ መጋቢ» እንዲባል እንመርጣለን። «አዛዥ» የሚለው ለሌላው፣ ለአርጋይል መስፍን ይቆይ፤ እሳቸው በዘር የንጉሣዊው ቤት አለቃ ስለሆኑ «የግቢ አዛዥ» ቢባሉ ከልካቸው አያልፍም። የአርጋይሉ ቤተሰብ የዱኑን ግንብ ጠባቂነትም አለው፤ ለዚህ የተተመነበት የዓመት ግብር አንድ ቀይ ጽጌረዳ ነበር። በእኛ አማርኛ ግብር የሚከፈለውም የሚበላውም ነው፤ ጽጌረዳው ግን ለአንዱም አይሆን።

ስለ ሆሊሩድ። በኤድንበርግ ያለው የሆሊሩድ ቤተ መንግሥት ጠባቂነት ከ1646 ጀምሮ የሃሚልተን ቤተሰብ ነው። «ዘበኛ» ማለት አይገባም፤ በር ላይ የሚቆም ሰው አይደለም። ባላደራ ነው። ባላደራውም ቤይሊ የሚባል ወኪል ያቆማል። ይህ ወኪል አንድ ዘመን ከባድ ሥራ ነበረው፤ የሆሊሩድ ገዳም ዙሪያ ለባለዕዳዎች መማጸኛ ነበርና። ዕዳ ያለበት ሰው ወሰኑን አልፎ ከገባ አበዳሪው አይዘውም፤ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ በቤይሊው መዝገብ መጻፍ ነበረበት፤ ሳይጻፍ ከቆየ ጥበቃው ይቀርበታል። እሑድ ዕለት ማሰር ስለማይፈቀድ ባለዕዳው ወደ ከተማ ወጥቶ ዘመድ ጠይቆ ይመለሳል፤ ሰዓት ካለፈበት ግን ሰኞ ሲነጋ ለአሳሪ ይጋለጣል። ይህን ለማስረዳት ለጎንደር አንባቢ ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ የጎንደሩ መማጸኛ እጨጌ ቤት ማለት ይበቃል። ጽሑፋችሁ ይህን አንድ መስመር ቢጨምር ኖሮ «ዘበኛ» የሚለው ቃል በራሱ ይወድቅ ነበር።

አሁን ወደ ፎቶግራፉ። ሐምሌ 5 ቀን 2023 (ይህም በእነሱ ጁላይ 5 ነው) በኤድንበርግ የቅዱስ ጃይልስ ካቴድራል በተደረገው ሥነ ሥርዓት ሦስት ነገሮች ለንጉሡ ቀርበዋል፦ ዘውድ፣ በትረ መንግሥትና ሰይፍ። የሦስቱም ያዦች እኩል አይደሉም፤ ጸሐፊው የተሳሳቱትም እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ዘውዱን የሃሚልተን መስፍን በርስት ያዙ። በትረ መንግሥቱን የያዙት ሌዲ ዶሪያን የተባሉ ከፍተኛ ዳኛ፣ ሰይፉን የያዙት ደግሞ በጀልባ ቀዘፋ የኦሊምፒክ አሸናፊ የሆኑት ካትሪን ግሬንጀር ናቸው፤ ሁለቱ የተመረጡ ናቸው እንጂ የወረሱ አይደሉም። በአንድ ሰልፍ ውስጥ ርስትና ሹመት ጎን ለጎን ሄደዋል። ሰይፉም አሮጌው አልነበረም። አሮጌው በ1507 ጳጳሱ ዩልዮስ 2ኛ ለጄምስ 4ኛ የላኩት ነው፤ በ1652 የእንግሊዙ የክሮምዌል ጦር ደኖተር ግንብን ሲከብ ዘውዱና በትረ መንግሥቱ ከሱ ጋር በስውር ወጥተው በኪኔፍ ቤተ ክርስቲያን ወለል ሥር ተቀበሩ፤ ያኔ ስለቱ ተሰበረ። ዛሬ በሰልፍ ለመያዝ የማይበቃ ስለሆነ «የኤልሳቤጥ ሰይፍ» የተባለ አዲስ ተሠራ። ዘውዱ ግን በ1540 ለጄምስ 5ኛ እንደገና የተሠራው ራሱ ነው። በዚያ ቀን በንጉሡ ራስ ላይ አልተደፋም፤ ቀረበላቸው ብቻ። «ዘውድ ጫኑ» ማለትም ስሕተት ነው፤ የዘውድ በዓሉ ከሁለት ወር በፊት በለንደን ተፈጽሟል። መስፍኑ ይህንኑ ዘውድ በመስከረም 2022 በንግሥት ኤልሳቤጥ ሬሳ ሳጥን ላይ አኑረዋል።

ርስት ካለ ክርክር አለ። ከሁሉ የረዘመው የሰንደቁ ነው፤ በጽሑፋችሁ ጭራሽ አልተነሣም። ያን ጊዜ የስኮትላንድ ጠባቂ የነበረው ዊሊያም ዋላስ በመጋቢት 1298 ለአሌክሳንደር ስክሪምጀር በደንዲ አካባቢ መሬት ሲሰጠው፣ ስክሪምጀር የንጉሡን ሰንደቅ የሚይዝ መሆኑን በሰነዱ አሰፈረ። ቤተሰቡ በዚያ ኖረ። በ1668 የደንዲው ኧርል ጆን ስክሪምጀር ልጅ ሳይተካ ሞተ፤ የጎን ወራሾች ቢኖሩም በጊዜው በስኮትላንድ ብርቱ የነበሩት የሎደርዴል ሰዎች ሀብቱን ወሰዱት። ከዚያ በኋላ የሎደርዴል ኧርሎች ሰንደቅ ያዥ እየተባሉ ሁለት መቶ ዓመት ከብዙ ትርፍ ኖሩ። ኤድዋርድ 7ኛ በ1902 ዘውድ ሲጭኑ የዘውድ በዓል ይገባኛል ባዮችን የሚሰማው ችሎት ተቀመጠ፤ የስክሪምጀር ዘር ሰነዱን ይዞ ቀረበና ረታ። ሎደርዴል ይግባኝ አሉ፤ በ1910 ያን ጊዜ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ በነበረው በጌቶች ምክር ቤት እንደገና ተረቱ። በ1952 የስኮትላንድ ዋና ዐዋጅ ነጋሪ ሎርድ ላየን ነገሩን በዕርቅ መልክ ጨረሰው። ሁለት ባንዲራ አለ፤ ቀይ አንበሳ ያለበት የንጉሡ ሰንደቅ ለስክሪምጀር፣ ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ የቅዱስ እንድርያስ መስቀል ያለበት የአገሩ ባንዲራ ለሎደርዴል ይሁን አለ። በማግስቱ ዓመት የደንዲ ኧርልነትም ለስክሪምጀሮች ተመለሰ። ከ1668 ቢቆጠር 285 ዓመት መሆኑ ነው። የርስት ክርክር ምን ያህል እንደሚሄድ ለጎጃምና ለበጌምድር ሰው ማስተማር አያሻም፤ እዚያ ግን የተከራከሩት በጋሻ መሬት ሳይሆን በእንጨት ላይ በተሰቀለ ጨርቅ ነው።

ሎርድ ላየንን «ጌታ አንበሳ» ብላችሁ ማውጣታችሁም አንባቢን ወደ ይሁዳ አንበሳ ይወስደዋል። ስሙ የመጣው ከሰንደቁ አንበሳ ነው፤ ሰውየው በሹመት የሚቀመጥ ነው፤ የዘር ባለማዕርግ አይደለም። «ዋና ዐዋጅ ነጋሪ» ይበቃዋል።

ስለ ነጭ በትር ያዡ በአጭሩ። ይህ አጋፋሪ ነው፤ በር ከፍቶ ሰውን በየደረጃው የሚያስገባ። ንብረት ነው ያልነውን የሚያረጋግጠው እሱ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሽያጭ ወደ ዎከር ቤተሰብ ገባ፣ ከዎከር እኅትማማቾች ኑዛዜ በኋላ ደግሞ በኤድንበርግ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ባላደራዎች እጅ ወደቀ። አጋፋሪነት በኮሚቴ ተያዘ ማለት ነው። ማዕርግ ከሚቀበሉ ሰዎች ይከፈለን በሚሉት ገንዘብ ላይም በ1912 ክርክሩ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደርሷል።

«እነዚህ ሰዎች ታዲያ ሥልጣን አላቸው?» የሚል ጥያቄ ጽሑፋችሁ አንሥቶ ሳይመልስ ትቶታል። መልሱ በ1746 ሕግ ውስጥ ነው። ለዚያው ለስቱዋርቶች ዘር ከተነሣው ከ1745ቱ ዐመፅ በኋላ መንግሥት በዘር የተያዙ የዳኝነት ሥልጣኖችን ሻረ፤ ባለርስት በግዛቱ ችሎት ተቀምጦ ሰው ማሰር ቀረ። ውሉ ግን ንብረት ናቸው ብሎ ስለነበር በነጻ መንጠቅ አልተቻለም፤ ካሳ ተከፈለ፤ በጠቅላላው ወደ 152,000 ፓውንድ፣ ከዚህ ለአርጋይል መስፍን ብቻ 21,000። የኮንስታብሉ ማዕርግ በሕጉ ተለይቶ እንዲቆይ ተደርጓል። ስለዚህ ዛሬ የቀረው ክብሩና አገልግሎቱ ነው፤ ዳኝነቱ ተገዝቶ ሄዷል።

ከክብሩ ሁሉ ለእኛ የሚቀርበው የእጅ ማስታጠቡ ነው፤ ጽሑፋችሁ «አስቂኝ» ብሎታል። በክራሞንድ ድልድይ አጠገብ የብሬይሄድ መሬት ባለቤቶች ንጉሡ በዚያ ሲያልፍ ኩስኩስትና ሳህን፣ ፎጣም ይዘው ቀርበው እጁን የማስታጠብ ግዴታ አለባቸው። አፈ ታሪኩ ጄምስ 5ኛ ተሸሽጎ ሲሄድ ሽፍቶች ይዘውት አንድ ገበሬ በእህል መውቂያ ዱላው እንዳስጣለው፣ ውኃ አምጥቶ ደሙን እንዳጠበለት ያወራል። ግዴታው ግን ከመሬቱ ጋር የታሰረ ነው፤ መሬቱን የያዘ ውኃውን ይይዛል። ቻርልስ ዳግማዊ በ1651 ስኮትላንድን ከለቀቀ ወዲህ እስከ 1822 ድረስ የነገሠ ንጉሥ አንድም ወደዚያ አልመጣም፤ 171 ዓመት ማንም እጅ አላስታጠበም። ጆርጅ 4ኛ በ1822 ሲመጡ ግን የሁዊሰን ክራውፈርድ ቤተሰብ ሳህኑን ይዞ ቀረበ። አገልግሎቱ ሳይፈጸም ቢቆይም መብቱ አልሞተም። በዚያው ጉብኝት ሥርዓቱን ሁሉ ያቀናጀው ዋልተር ስኮት ነበር፤ በ1707 በሣጥን ተቆልፎ የቀረውን ዘውድም በ1818 ያገኘው እሱ ነው። ብዙው ነገር ያኔ እንደ አዲስ መደራጀቱን ጽሑፋችሁ ሳይናገር «ሳይቋረጥ የመጣ» ማለቱ ትክክል አይደለም።

በመጨረሻ አንድ ነገር። የጎንደርን ማዕርግ ለስኮትላንድ ሰዎች የተረጎመላቸው ራሱ ስኮትላንዳዊ ነው። የኪኔርዱ ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1770 ጎንደር ገባ፤ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ባለሟል አደረጉት፣ ኮከብ የሚባለውን የፈረሰኛ ክፍል አዛዥነት ሰጡት፣ ራስ ፊል የሚባለው የጠረፍ ግዛትም በስሙ ሆነለት። በታኅሣሥ 1771 ሲሄድ አንዱንም ይዞ አልወጣም፣ ለልጁም አላወረሰም። ለእሱ አገር ሰው ግራ የሚያጋባው ይኸኛው ነው፤ እኛን የሚያጋባን ደግሞ የእነሱ።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ የፎቶግራፉን መግለጫ እንድታርሙልን እንጠይቃለን፤ «በዘር የስኮትላንድ ዘውድ ያዥ የሆኑት የሃሚልተን መስፍን» ቢል በቂ ነው። ለኮንስታብሉ «ባልደራስ» ማለቱ አንባቢን ያርቃል ብላችሁ ከሠጋችሁ «ኮንስታብል» ብላችሁ ተዉትና አንድ ጊዜ ፍቱት፤ «ፖሊስ» የሚለው ግን ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤተ መንግሥት ማዕርጋትን ታሪክ የምናጠና የጋዜጣችሁ አንባቢዎች
ጎንደር